በገመድ የታጠረ ምድጃ

ኅዳር 24፣ ጠዋት።

ስኒውን አጠብኩ። መስኮቱን ከፈትኩ። ወንበሩን ወደ ወደቡ አዞርኩ። አንድ ዐረፍተ ነገር ጻፍኩ፤ ሰረዝኩ። ከመጣሁ ጀምሮ ሥራዬ ይኸው ነው። አንተ ታውቃለህ ደብተር፣ ካንተ በቀር የምጽፍበት የለም። ጃፓኖቹ እስከዚህ የወደብ ከተማ ድረስ የጠሩኝ፣ ክፍል የሰጡኝ፣ የሚያበሉኝ ልብ ወለዴን ጨርሼ እንድመለስ ነው። አልጨረስኩም። አልጀመርኩም ብል ወደ እውነቱ ይቀርባል።

ኬይኮ ደወለች። አስተርጓሚዬ ናት። የምንግባባው በእንግሊዝኛ ነው፣ የሁለታችንም እንግሊዝኛ የውሰት። ዛሬ የመብራት ግንቡን እናያለን አለች። ከወደቡ ጫፍ ያለ፣ ለመርከብ አቅጣጫ የሚያሳይ የድሮ የድንጋይ ግንብ። አልፈልግም ማለት ነበረብኝ። እሺ አልኩ። እሺ ማለት የቤተሰባችን በሽታ ነው።

ደግሞ እንደሚጠይቁኝ አውቃለሁ። የላሊበላ ልጅ መሆኔን ከሰሙ ጥያቄው አንድ ነው፤ አብያተ ክርስቲያናቱን ማን ሠራቸው? ማለታቸው፣ ማን ረዳችሁ? ፈገግ ብለው ይጠይቃሉ። ፈገግ ብዬ እመልሳለሁ። ክፍሌ ስገባ ጥርሴ ያመኛል።

ካሣ አልደወለም። ወንድሜ ሳምንት ዘሎ አያውቅም። እማየ ደህና ትሁን።

ኅዳር 24፣ ከእራት በፊት።

አየነው። አጭር ነው። ግንብ ሲሉኝ ደመና የሚነካ ጠብቄ ነበር። ግራጫ ድንጋይ፣ አንድ በአንድ በእጅ የተጠረበ፣ መጋጠሚያው ጥፍር አያስገባም። ውስጡ ጠመዝማዛ ደረጃ። አናቱ ላይ ትልቅ የመስተዋት ዓይን። አሁን የሚያበራው ሰው የለም፤ በራሱ ይበራል፣ በራሱ ይጠፋል።

እኔም በተራዬ ማን ሠራው አልኩ። አስጎብኚዋ ምንም ሳይመስላቸው ከባሕር ማዶ የመጣ መሐንዲስ ነው ያሠራው አሉ። ማንም ቅንድቡን አላነሣባቸውም። የእነሱ በባዕድ መሐንዲስ ተሠርቶ የእነሱ ነው። የኛ በኛ እጅ ተፈልፍሎ ማስረጃ አምጡ ይባላል። ውጭ ወጥቼ ነፋስ ላይ ቆምኩ።

አስጎብኚዋ ሳቶ-ሳን ይባላሉ። አሮጊት ናቸው፣ ለኔ እማማ ሳቶ። ከግንቡ ጎን የመብራት ጠባቂው ቤት አለ፣ እሱም ድንጋይ፣ የተወለዱት እዚያ ነው። አባታቸው የመጨረሻው ጠባቂ ነበሩ። መብራቱ ሰው አያስፈልገውም ሲባል ቤተሰቡ ወጣ፣ ቤቱ ሙዚየም ሆነ። ወለሉ መሐል ምድጃ አለ፣ በላዩ የተንጠለጠለ ጥቁር ማንቆርቆሪያ። ዙሪያውን ወፍራም ሰማያዊ ገመድ።

አንድ የተሰበረ ነገር የለም። የመብራት ጠባቂ ቤት! ንጉሥ አላደረበትም፣ ቅዱስ አልጸለየበትም። ደሞዝተኛ ቤተሰብ ሩዝ የቀቀለበት ጎጆ፣ ይኸው እንደ ንዋየ ቅድሳት ተጠብቆ። የኛ ሰፈርስ? ከቤ/ክ በላይ የነበሩት ክብ የድንጋይ ቤቶች፣ ከነፎቃቸው፣ በውጭ ከሚያወጣው ደረጃቸው ጋር፣ ባለፈው ዓመት ነው የፈረሱት። ለቱሪስት ዓይን አይመቹም ተብሎ። ሰዉ ወደ አዲሱ ሰፈር፣ ቆርቆሮ ቤት። የእማየ ብቻ ቀረ፣ ጠርዝ ላይ ስለሆነ።

ብዙ ፎቶ አነሣሁ። ለምን እንደሆነ አላውቅም። ቅናት ይመስለኛል።

ኅዳር 26።

ካሣ ደወለ። ከመናገሩ በፊት ጉሮሮውን ጠረገ። የስብሰባ ጉሮሮ ነው፤ የቀበሌ ካቢኔ ከገባ ወዲህ ያወጣው።

የሰማሁትን በቅደም ተከተል ላስቀምጥ። የእማየ ቤትም ተራው ደረሰ። ከገና በፊት ለቃ አዲሱ ሰፈር ትገባለች። እምቢ አላለችም። እምቢ እንዳትል አውቀውበታል፤ ካድሬ አልላኩባትም። የነፍስ አባቷን ላኩ። አባ ወልዴን።

አባ ወልዴ በየዓመቱ በዚህ ሰሞን ይመጣሉ። መስቀል ያሳልማሉ፣ ይቀመጣሉ፣ ስለ ገና እንግዶች ያነሣሉ። ለገና ከየአገሩ በእግሩ የሚመጣውን ተሳላሚ ላሊበላ በር ዘግቶ አያሳልፍም፤ እግሩ ይታጠባል፣ ይበላል፣ መሬት ላይም ቢሆን ይተኛል። ዘንድሮ ስንቱን ትቀበያለሽ ሊሉ ሲጀምሩ እማየ ሳይጨርሱ ትመልሳለች፤ እሺ አባቴ። ካህን ተናግሮ እስኪጨርስ ጠብቆ እሺ ማለት፣ በእሷ ዘመን ሰው ሚዛን ላይ እንደማውጣት ነው። ዘንድሮም መጡ፣ አሳለሙ፣ ተቀመጡ። ለቤተ ክርስቲያን ክብር አንድ ነገር ልለምንሽ ነው አሉ። እሺ አባቴ አለች። ከዚያ ነው የተነገራት።

እሺ ብያለሁ አለች ይላል ካሣ። አለቀ።

የቆርቆሮውን ቤት ያወድስልኛል። ቧንቧ አለው፣ መብራት አለው። ቤቱንስ ምን ሊያደርጉት ነው ልለው ስል መስመሩ ተቆረጠ። ኔትወርክ። ደጋግሜ ብሞክር የለም። ግን ምን ይጠየቃል? የጎረቤቶቻችን ምን እንደሆነ በዓይኔ አይቻለሁ።

ኅዳር 27።

ኬይኮን ጎትቼ ወደ ግንቡ ተመለስኩ። ለጉብኝት አይደለም፣ ለማስረጃ። አገሬ ሄጄ የሹሞቹ ጠረጴዛ ላይ የምዘረግፈው እፈልጋለሁ። የሠለጠነ አገር የተራ ሰው የድንጋይ ቤት እንዴት እንደሚይዝ ይዩ። ግድግዳውን አነሣሁ። መቃኑን። ደረጃውን። ምድጃውን ደጋግሜ።

እማማ ሳቶ እየጠረጉ ነበር። እስከ ገመዱ ይጠርጋሉ፣ ይቆማሉ፣ ጎንበስ ብለው መጥረጊያውን ብቻ ከገመዱ ሥር ወደ ውስጥ ይልካሉ። እግራቸው አያልፍም። ለፎቶው ትንሽ ዞር ይበሉልኝ አልኩ። ዞር አሉ። ለወሬ ያህል፣ እዚህ ቤት ተመልሰው ያደሩበት ጊዜ አለ ወይ ብዬ ጠየቅኩ። አፋቸውን በእጃቸው ሸፍነው ሳቁ። ረዥም ነገር ተናገሩ። ኬይኮ አሳጠረችው። በልጅነታቸው እግራቸውን የሚያሞቁበት ድንጋይ ያ ነው፤ አሁን መንካት ክልክል ነው።

ፀሐይ እየሸሸችብኝ ነበር። መልስ ሳልሰጥ ማንሣቴን ቀጠልኩ።

ኅዳር 30።

እሄዳለሁ አልኳቸው። ጋባዦቼ አልተቆጡም፣ ይኼ ባሰብኝ። እጅ ነሡ። እናትሽ ታመው ነው አሉ። አይደለም፣ እሺ ብላ ነው አልኩ። ኬይኮ እንዴት ብላ እንደተረጎመችው እግዜር ይወቅ፤ ሁሉም አንገታቸውን ደፍተው አዘኑልኝ።

ለስንብት ፎጣ ሰጡኝ። ግንቡ በሰማያዊ የተሣለበት። ሻንጣው ጥግ ወረወርኩት።

ታኅሣሥ 5፣ ላሊበላ።

ከወልድያ ተነሥቼ በኩልመስክ ከተማ በኩል መጣሁ። መንገዱ ይቆፈራል፣ ይደለደላል፣ እንደገና ይቆፈራል። ሚኒባሱ ጉድጓድ ሲገባ ረዳቱ፣ አይዟችሁ፣ ልማት ላይ ነን አለ። ሁሉም ሳቀ። ባርኔጣ ያደረገ፣ ሹም የሚመስል አንድ ሰውዬ ብቻ አልሳቀም። ሌላው ቀስ በቀስ ሳቁን ዋጠ። እኔም ዋጥኩ፤ ለዚህም ራሴን ጠላሁ።

ቤቱ ቆሟል። ቀዩ ድንጋይ፣ ሣር ክዳኑ፣ ደረጃው። ታች የፍየሎቹ ቦታ ባዶ ነው፤ ተሸጠዋል፣ አዲሱ ሰፈር ለከብት ስፍራ የለም። እማየ ፎቁ ላይ ዕቃ ትጠቀልላለች። ስታየኝ አልደነገጠችም። ከስተሻል አለች፣ እዚያ ምግብ የለም ወይ? አሳ ነው የሚበሉት አልኳት። በጾም? አለች።

ከዚያ ጮህኩ። ስለ ሕግ፣ ስለ ካሣ ዝምታ፣ ስለ አባ ወልዴ። አታለሉሽ አልኳት። ነጠላዋን አጥፋ እስክትጨርስ አስጠበቀችኝ።

«አባቴ አያታልሉም። የቸኮልኩ እኔ ነኝ።»

እኔ ስለ ቤቱ እናደዳለሁ፤ የእሷ ጭንቀት ሌላ ነው። ከኮን የሚመጡት እንግዶቿ። አያ ጓንጉል፣ ሚስቱና ዘመዶቹ፣ አባቴ በሕይወት ሳለ ጀምሮ ገናን ከኮን በእግራቸው እየመጡ እዚህ ቤት ነው የሚያርፉ። በስልክ የሚገኙ ሰዎች አይደሉም። በቀጥታ ይኼን ደረጃ ነው የሚወጡ። አዲሱ ሰፈር ከከተማው ወዲያ ጥግ ነው፤ ክፍሉም አንድ። ያን ሁሉ መንገድ መጥተው ከተዘጋ በር ጋር ሊፋጠጡ ነው ትላለች። ስለ ቤቷ አንድ ቃል አልተናገረችም። ስለ እንግዶቿ ግን ሌሊቱን ስትገላበጥ ሰማኋት።

ታኅሣሥ 7።

አባ ወልዴን ከቅዳሴ ሲወጡ ያዝኳቸው። የማዘንበውን አዘጋጅቼ ነበር። መስቀላቸውን ዘረጉ፤ ተሳለምኩ። ተሳልሜ መጮህ አልቻልኩም። ይኼም ከቤታችን የወጣ ነው።

እናቴን ለምን በእርስዎ አፍ አስጠየቋት አልኩ። ዓይናቸውን መሬት ላይ ጣሉ። የከተማው አስተዳዳሪ ከዐውደ ምሕረት ጠርቷቸው፣ አባታችን፣ ለቤተ ክርስቲያን የሚጠቅም ነገር ነው፣ ይረዱናል ሲል፣ ምኑን ሳይሰሙ እሺ ልጄ ብለውታል። ምኑን ሲነግራቸው አፈሩ። ግን እሺ ብለዋል።

ቁጣዬን የት ላሳርፈው? የሳቸው እሺ ላይ የሷ እሺ፣ እንደ ክምር ድንጋይ፣ ሥር ያለውን ስስብ ላይ ያለው ሊናድ።

ማምሻውን ራሳቸው ቤት ድረስ መጡ። ቃልሽን ፈትቼልሻለሁ፣ እምቢ በይ አሏት። በጣም ወደድኳቸው በዚያች ደቂቃ፣ ጉልበታቸውን ብስም ደስ ባለኝ። እማየ ግን ራሷን ነቀነቀች።

«እሺ ያልኩት ለእርስዎ ቢሆን ይፈቱልኝ ነበር። ያልኩት ለቤተ ክርስቲያን ነው።»

እኔ ደረጃው ላይ ወጥቼ ድንጋዩን በቡጢ መታሁ። ጣቴ አብጧል። ጽሕፈቴ እንዲህ የሆነው ለዚያ ነው።

ታኅሣሥ 9።

የቱሪዝም ጽ/ቤት። ኃላፊው አቶ ሙላት ይባላል። ከኔ ያንሳል፣ ሰላምታው ያማረ፣ ጃኬቱ አዲስ። ለሰዓታት ግድግዳ ተደግፌ ከቆምኩ በኋላ አስገባኝ። ላፕቶፔን ከፈትኩ። ግንቡን፣ የጠባቂውን ቤት፣ መቃኑን፣ ምድጃውን። ተራ ሰው የኖረበት ቤት ነው አልኩት፣ ድንጋይ በድንጋይ ጠብቀውታል። እናንተ ደግሞ እናፍርስ ትላላችሁ።

አላቋረጠኝም። እያንዳንዱን ፎቶ ጎንበስ ብሎ አየ። ምድጃው ላይ ሲደርስ ቆይ አለኝ። ባልደረባውን ጠራ። ሁለቱም አዩ። ደስ አላቸው። በጣም።

«እህቴ፣ ማን ያፈርሳል አለሽ? እኛም የምንለው ይኼንኑ እኮ ነው።»

የእማየ ቤት አይፈርስም። የተረፈው እሱ ብቻ ስለሆነ ሙዚየም ይሆናል። ለገና እንግዳ ይመጣል፣ ከክልልም፣ ከውጭም፣ በዋዜማው ይመረቃል። እንዴት እናሰናዳው ብለው ሲቸገሩ ነበር። ገመዱ ጥሩ ሐሳብ ነው አለ። ገመዱን አላሰቡትም። ፎቶዎቹን ብሰጣቸው ለሥራው ትልቅ አስተዋፅኦ ነው።

አልሰጥም አልኩ። ግድ የለም አለ፣ አይቼዋለሁ።

የወጣሁበትን በር አላስታውስም። ገበያው መሐል ቆሜ ነው ራሴን ያገኘሁት። ከፊቴ አንዲት ሴት ሽንኩርት ትመርጣለች። እማማ ሳቶ ትዝ አሉኝ፣ ዞር ይበሉልኝ ያልኳቸው። መጥረጊያቸው ከገመዱ ሥር ሲገባ።

ታኅሣሥ 13።

ገባች። ማለት፣ ወጣች። ዕቃው በአህያ ተጓጓዘ። ቆርቆሮ ቤቱ ቀን ይፈጃል፣ ማታ ያንቀጠቅጣል። ቧንቧው አለ። ውሃ የለውም።

አንድ ነገር። እማየ ጉልቻዎቿን ልትወስድ ጎንበስ አለች። ሦስቱን። አቶ ሙላት የላከው ልጅ እግር ሠራተኛ ፈጠን ብሎ፣ እማማ፣ ይኼ የቅርሱ አካል ነው አላት። የምን ቅርስ አለች። ምድጃው አላት። ካሣን አየችው። ካሣ ጣራውን አየ። ጉልቻውን መልሳ አስቀመጠችው፣ አመዱን በእጇ አስተካክላ። ከአዲሱ ቤት ደጅ ከግንበኞች የተረፈ ብሎኬት ለቅማ በሱ ላይ ጣደች። ወጡ ባንድ ወገን እየገነፈለ ጠፋ።

መጻፍ አልቻልኩም ካሁን በላይ። ይኼ እጅ አንድ ሰው ማነቅ ይፈልጋል።

ታኅሣሥ 19።

ገመዱ ተዘረጋ። አረንጓዴ ቀለም ተቀብቷል፣ በአራት እንጨት። ሰማያዊ እንኳ አላገኙም። ፊት ለፊቱ ሰሌዳ፤ የጥንት ላስታዎች ምድጃ ይላል። ካሣ አስጎብኚም ጠባቂም ሆኖ ተሾመ። ቁልፉ ካንገቱ አይወርድም።

ለእማየ ሰሌዳውን አነበብኩላት።

«ታዲያ ጥንት እኔ ነኝ?»

ሳቀች። ሳቋን ስሰማ ካሣ ላይ ነደድኩ። እናትህን ከነነፍሷ ሰሌዳ ላይ ለጠፍክ፣ ይኼ ነው የካቢኔ ሥራ አልኩት። ሳያቋርጥ ሰማኝ። ግምገማ ለምዷል፣ ሲሰደብ ዓይኑ ሌላ ቦታ ይሄዳል። ስጨርስለት ጉሮሮውን አልጠረገም።

«አንቺ ሄደሽ ትጽፊዋለሽ። እኔ እዚሁ ነኝ። ነገም እሷን የምጠይቅ፣ ስትታመም የምሸከም እኔ ነኝ። እምቢ ብል ነገ እነማን ይመጣሉ፣ ንገሪኝ?»

ለዚህ መልስ ስፈልግ ዋልኩ። የጻፍኩት ሁሉ በሩቅ ሆኖ መናደድ ነው።

ታኅሣሥ 24።

ተሳላሚው መግባት ጀምሯል። በነጭ ነጠላ፣ ከየአቅጣጫው፣ አቧራ ለብሶ። የቅርቦቹ፣ ከግዳን ወገን ያሉት። ኮኖቹ ገና ናቸው።

እማየ ንጋት ላይ ተነሥታ ከአዲሱ ሰፈር እስከ አሮጌው ቤት ትሄዳለች። ደረጃው ሥር ትቆማለች። አትገባም። አያ ጓንጉልን መንገድ ላይ ለማስቀረት ነው። ይዤአቸው ልሂድ ትላለች፣ የት እንደምታስተኛቸው ሳታውቅ። ቱሪስቶች ፎቶ ያነሷታል። ዛሬ አቶ ሙላት መጣ። ዞር በይ ሊላት ነው ብዬ ጥርሴን ነክሼ ተጠጋሁ። የባሰ ነው ያመጣ።

እማማ፣ እንዲህ ፀሐይ ላይ ከሚቆሙ፣ ብሎ ጀመረ። ወዲያው እሺ ልትል ነው ብዬ ጠበቅኩ። እማየ ግን እጇን አነሣች።

«ይጨርሱ ልጀ። እስቲ ጨርሰው ይናገሩ፣ ልስማ።»

ጨረሰ። የድሮ ቀሚስ ለብሳ፣ ከገመዱ ውስጥ፣ ምድጃው አጠገብ እንድትቀመጥ ነው የፈለገው። በጉብኝት ሰዓት ብቻ። እሳት አይነድም፣ ጭስ እንግዳ ያስነጥሳል። እንዳለች ትቀመጥ፣ ጥጥ ትፍተል፣ ፈረንጆች ይወዱታል።

እስከ መጨረሻው ሰማችው። አልቸኮለችም። ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ መለሰች።

«አይሆንም።»

ይኼን ቃል ከአፏ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። እሱም ያልጠበቀው ነበር፤ የሰማ አልመሰለውም፣ እንዴ እማማ አለ። አልደገመችለትም። ወደ መንገዱ ዞረች፣ ኮኖቹን ወደምትጠብቅበት።

ካሣ ደረጃው አናት ላይ ቆሞ ነበር። ሰምቷል።

ያን አይሆንም ለቤቱም በይው አልኳት ስንመለስ። የዛሬውን ዛሬ ጠየቀኝ፣ ዛሬ መለስኩ አለች። የበፊቱን እሺ ብያለሁ።

ታኅሣሥ 27፣ ከሰዓት በኋላ።

ከኮን መንገድ የመጡ ሰዎች አያ ጓንጉልን ትናንት አልፈውታል። ጉልበቱን አሞታል፣ በዝግታ ነው፣ ዛሬ ከመምሸቱ በፊት ይገባል። ምረቃው ነገ ጠዋት።

ካሣ ወደ ቆርቆሮው ቤት መጣ። በዚህ ሰዓት መጥቶ አያውቅም። ውሃ ጠየቀ፣ ጠጣ። ስለ ንግሥ መጨናነቅ አወራ። ቁልፉን ካንገቱ አወጣ፣ ከኔ ፊት መደቡ ላይ አስቀመጠ።

«ይኼ ሰው በበዛበት ቁልፉ ጠፍቶብኛል። ማታ ለአቶ ሙላት ሪፖርት አደርጋለሁ።»

እማየ ቁልፉን አየች። እሱን አየች። ጎንበስ ብላ ጫማው ላይ ያለውን አቧራ በእጇ አራገፈችለት፣ እንደ ሕፃን። ወጣ። ምን እንደሚደርስበት እሱም ያውቃል፣ እኔም። ያን ሁሉ የሰደብኩት ሰው ነው።

ደብተር፣ ሳስብ አልቆየሁም። እሺ ያለችው እሷ ናት። ቃሏ አይነካም፣ አትግባ። እኔን ማንም አልጠየቀኝም። እኔ እሺ አላልኩም።

ታኅሣሥ 27፣ አመሻሽ።

አሮጌው ቤት ነኝ። ፎቁ ላይ። ይኼን የምጽፈው ውሃው እስኪሞቅ።

ገመዱን ፈታሁት። ቋጠሮው ጠንክሮ በጥርሴ ነው፤ አፌ ቀለም ቀለም ይላል። ሰሌዳውን ግድግዳ አዞርኩት። እሳቱ መጀመሪያ እምቢ አለኝ። እፍ ስል አመዱ ዓይኔን ሞላው። ጭሱ ሣር ክዳኑን አልፎ ሲወጣ ከተማው ሁሉ እንደሚያየው አውቃለሁ። ይየው። ጉልቻዎቹ ሞቀዋል። አንዱን በባዶ እግሬ ነካሁት፣ በውስጥ እግሬ፣ እስኪያቃጥለኝ። ይኼ የእማማ ሳቶም ይሁንልኝ።

እማየ ደረጃው ሥር ናት። አልወጣችም። ከታች ታዘኛለች። ሳፋው ከበሩ ጀርባ ነው። ውሃው ለብ ይበል እንጂ አይፍላ፣ የቆሰለ እግር ነው የሚመጣው። ጨው ጣል አርጊበት። ፎጣስ? አለችኝ። ፎጣው ሁሉ ወዲያኛው ቤት ነው። አንተን ይዤ የመጣሁበት ሻንጣ ውስጥ ያለው ትዝ አለኝ፤ የመብራት ግንቡ የተሣለበት። አወጣሁት። አንድም ጊዜ አልተነካም፣ አሁንም እንደታጠፈ ነው።

እፈራለሁ። መጻፉ ይጠቅማል። ነገ ካሣን ያስሩታል፣ ምናልባት እኔን፣ ምናልባትም። ቆይ።

ታች ድምፅ አለ። ብዙ ሰው ነው። እማየ እየተናገረች ነው፣ ለማን እንደሆነ አይሰማም። አሁን ደረጃው ላይ እርምጃ። ወይ አያ ጓንጉል ነው፣ ወይ አቶ ሙላት። ማንም ይሁን፣ ውሃው ለብ ብሏል። ልክፈት